ከሐዲዱ ሥር፦ የቪክቶሪያ ፏፏቴ ድልድይ ጉብኝት ገንዘቡ ይገባዋል?

ፍርዴን ቀድሜ ልናገር፤ ዝርዝሩን የፈለገ ያንብብ። ዚምባብዌና ዛምቢያ በሚዋሰኑበት ገደል ላይ፣ ከዛምቤዚ ወንዝ በላይ፣ የቪክቶሪያ ፏፏቴ ድልድይ አለ። ይህን ድልድይ ከሥሩ፣ በብረቱ መሃል እያሳለፈ የሚያስጎበኝ አገልግሎት አለ። ገንዘቡ ይገባዋል። ከአምስት ኮከብ አራት ሰጥቼዋለሁ። ብረቱ አምስት ይገባው ነበር። አንዷን ያስቀነሰችኝ የታሪኩ አነጋገር ናት።

እኔ ብረት ሥራዬ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በር፣ መስኮትና የመጋዘን ጣሪያ የሚሸከም የብረት መዋቅር የምሠራበት ወርክሾፕ አለኝ። ያደግኩት ድሬዳዋ ነው። አባቴ ዕድሜውን የጨረሰው በምድር ባቡር ጥገና ክፍል ስለሆነ፣ ሐዲድና ድልድይ ቤታችን ውስጥ እንደ ዘመድ ስሙ ሲነሳ ነው የኖረው። ስለዚህ ጽሑፌ የብረት ሠራተኛ አስተያየት ነው። ፏፏቴውን ለማየት ብቻ የምትሄዱ ከሆነ ሌላ ሰው የጻፈውን ብታነቡ ይሻላችኋል። ፏፏቴው ግሩም ነው፤ እሱን ሁሉም ጽፎታል።

ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ቀናት፣ ወራትና ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

አደራረሱ እንዲህ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቪክቶሪያ ፎልስ ከተማ ድረስ ስለሚበር እኛ የገባነው በዚምባብዌ በኩል ነው። ከከተማው እስከ ድንበሩ በእግር ይኬዳል። ኢሚግሬሽን መስኮቱ ጋ ስትደርሱ ድልድዩ ጋ ብቻ ደርሳችሁ እንደምትመለሱ ንገሯቸው። ትንሽ ወረቀት ይሰጧችኋል። ያቺን ወረቀት እንዳትጥሏት፤ ስትመለሱ ይጠይቋችኋል። ከዚያ ድልድዩን ተሻግራችሁ በዛምቢያ በኩል ጫፉ ላይ ካፌና ትንሽ የታሪክ ማሳያ ቤት ታገኛላችሁ። ጉብኝቱ የሚጀምረው እዚያ ነው።

መጀመሪያ የድሮ ፎቶግራፎች እያሳዩ ያስረዳሉ። ቀጥሎ ቀበቶ ያስታጥቋችኋል፤ ወገብና ጭን ላይ የሚጠብቅ፣ ከሽቦ ገመድ ጋር የሚያያዝ መንጠቆ ያለው ነው። የቀበቶውን አያያዝ በሙያ ዓይን ተመልክቼዋለሁ። አንድም ያረጀ ማሰሪያ አላየሁም። አስጎብኚዋ እያንዳንዳችንን በእጇ ጎትታ ፈትሻለች፤ ሁለት ጊዜ። ይህን ስታይ ልብህ ይረጋል።

የጓደኛዬ ልብ ግን አልረጋም። ወደ ታች የሚያወርደውን ጠባብ መሰላል አየና «ሂድ አንተ፤ እኔ ከላይ ሆኜ ፎቶ አነሳሃለሁ» አለኝ። አልተጫንኩትም። ከድልድዩ እስከ ወንዙ፣ ውኃው በሚቀንስበት ጊዜ 128 ሜትር ነው። ከፍታ የሚፈራ ሰው መጽናኛ ፎቶ ይበቃዋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ከሐዲዱ ሥር የሚሄደው መተላለፊያ ጠባብ ነው። እግር ሥር በቀዳዳው ገደሉ ይታያል። ግራና ቀኝ ደግሞ ብረት ብቻ። አንጎላሬ (እንደ L የታጠፈ ብረት)፣ ወፍራም ላሜራ፣ እንደገና አንጎላሬ፣ ሁሉም በሪቬት የተያያዘ። ብየዳ የሚባል የለም። በ1904 ለእንዲህ ያለ ሥራ ብየዳ አልደረሰም ነበር።

የሪቬትን ነገር ለማያውቅ ላስረዳ። ሪቬት ራስ ያለው አጭር የብረት ዘንግ ነው። ሪቬቱ በከሰል ምድጃ ላይ እስኪቀላ ይሞቃል። አንዱ ሠራተኛ በጉጠት አንስቶ ያቀብላል። ቀዳዳው ውስጥ ይገባል፤ በአንድ በኩል ራሱን ይዘው በሌላው በኩል ጫፉን እየደበደቡ ሁለተኛ ራስ ያወጡለታል። ሲቀዘቅዝ ደግሞ ይኮማተራል። ሲኮማተር ሁለቱን ላሜራዎች አጣብቆ ይይዛቸዋል። ጥበቡ እዚህ ላይ ነው፤ ብረቱን የሚያጠብቀው መቀዝቀዙ ነው። አንዱን የሪቬት ራስ በአውራ ጣቴ ዳበስኩት። ቀለሙ በላይ በላዩ ተቀብቶ ወፍሯል፤ ፏፏቴው ሲሞላ የሚረጨው ጭጋግ እዚህ ድረስ ስለሚመጣ ቀለም ካላረፈበት ዝገት ይበላዋል። ከቀለሙ ሥር ግን ራሱ ክብ፣ ሙሉ፣ መሃል ላይ የተቀመጠ ነው። ጎኑ ያሉትንም አየሁ። አንድም ጠማማ አላገኘሁም። ባለሙያ ያውቀዋል፤ ሰው በተንጠለጠለበት፣ ከሥሩ ገደል ባለበት ቦታ እንዲህ መደብደብ ቀላል አይደለም።

የድልድዩ ቅርጽ ቅስት ነው። ቅስቱ ብቻውን 156 ሜትር ተኩል ይዘረጋል። ጠቅላላ ርዝመቱ 198 ሜትር ነው። ንድፉን የሠራው ጆርጅ ሆብሰን የሚባል እንግሊዛዊ መሐንዲስ ሲሆን፣ ሠሪው ዳርሊንግተን ከተማ የነበረው ክሊቭላንድ ብሪጅ ነው። ብረቱ እንግሊዝ ተቆርጦ፣ ተበስቶ፣ ቁጥር ተሰጥቶት በመርከብ እስከ ሞዛምቢክ ቤይራ ወደብ፣ ከዚያ በባቡር እስከ ገደሉ መጣ። የኛ ወርክሾፕ አንድ የመጋዘን ጣሪያ ቃሊቲ ሠርቶ አዳማ ሲገጥም ሁለት ቀዳዳ አይገናኝም ብለን ስንጣላ ነው የምንውለው። እነዚህ ሰዎች ባሕር አሻግረው ገጥመውታል።

ገጠማውን የመራው ፈረንሳዊው ጆርጅ ኢምቦ ነው። ገደሉ ጥልቅ ስለሆነ ከሥር መደገፊያ ማቆም አይቻልም። ስለዚህ ከሁለቱም ዳርቻ ብረቱን እያስረዘሙ ወደ መሃል መጡ። ግማሽ ቅስት በአየር ላይ ተንጠልጥሎ እንዳይወድቅ ደግሞ ከኋላው በሽቦ ገመድ ከዐለቱ ጋር ታሰረ። ዕቃ ለማሻገር ከገደል ገደል የሽቦ መስመር ዘረጉ። የመጀመሪያዋን ቀጭን ገመድ ያሻገሯት በሮኬት ተኩሰው ነው። ከዚያ በቀጭኑ ወፍራሙን እየሳቡ፣ በመጨረሻ አሥር ቶን የሚሸከም መስመር አቆሙ። ባቡር እንኳ ፈታትተው በዚያ መስመር አሻግረውታል፤ ድልድዩ ሳያልቅ ከወዲያ ማዶ ያለው ሐዲድ እንዲቀጥል ቸኩለው ነበር። ይህን ችኮላቸውን ያዙልኝ።

ከሁሉም ያስደሰተኝ የመግጠሚያዋ ቀን ታሪክ ነው። መጋቢት 31 ቀን 1905 የመሃሉን የመጨረሻ ቁራጭ ሊያስገቡ ሞከሩ። አልገባም። በቀን ፀሐይ ብረቱ ተለጥጦ ከ3 ሳንቲ ሜትር ጥቂት በለጠ። አልደበደቡትም፤ አልቆረጡትም። ትተውት አደሩ። በማግስቱ ሚያዝያ 1 ንጋት ላይ ብረቱ በሌሊቱ ብርድ ተኮማትሮ ቁራጩ ቦታውን ያዘ። ቁጥሩን እኔም እዚያው ቆሜ በጭንቅላቴ ሠራሁት። 100 ሜትር ብረት ሙቀት 10 ዲግሪ ሲጨምር 12 ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል። 156 ሜትር ከሆነና በንጋትና በቀትር መሃል 15 ወይም 16 ዲግሪ ልዩነት ካለ፣ ልክ 3 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ይመጣል። ሒሳባቸው ያን ያህል ጥሩ ነበር።

መሃል ላይ ስንደርስ አስጎብኚዋ እጇን አንስታ አስቆመችን። ከላይ ከባድ መኪና እያለፈ ነው። ከባድ መኪኖች የሚያልፉት ተራ እየጠበቁ፣ ቀስ ብለው ነው። ንዝረቱ ከእግሬ ጫማ ገብቶ እስከ ጥርሴ ደረሰ። አጠገቤ የነበረች ቱሪስት ጮኸች። እኔ ግን ደስ አለኝ፤ የማይንቀሳቀስ ድልድይ ነው የሚያስፈራው። ጎንበስ ብዬ ወደ ቅስቱ እግር አየሁ። ቅስቱ ዐለቱ ላይ በቀጥታ አልተተከለም። በሁለቱም ዳርቻ በማጠፊያ ላይ ነው ያረፈው፤ ሙቀት ሲመጣና ጭነት ሲያልፍ እንዲተነፍስ። ከመቶ ዓመት በላይ ሲተነፍስ ቆይቷል። ሠሪው ኩባንያ ራሱ በ2021 ከስሮ ተዘግቷል፤ ሥራው ግን ይኸው ጭነት ይሸከማል።

እስከዚህ ድረስ አምስት ኮከብ ነው።

አሁን ስለቀነስኳት ኮከብ። ማብራሪያው ሴሲል ሮድስን፣ እንግሊዛዊውን የማዕድን ባለሀብትና ቅኝ ገዢ፣ «ባለ ራእይ» እያለ ነው የሚጀምረው። ከኬፕታውን ካይሮ ሐዲድ የመዘርጋት ሕልም ነበረው፤ ባቡሩ ሲያልፍ የፏፏቴው ጭጋግ መስኮቱን እንዲነካው ፈልጎ ድልድዩን እዚህ አስቀመጠው፤ ራሱ ፏፏቴውን በዓይኑ ሳያይ በ1902 ሞተ። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ቦታው ለእይታ ተመርጧል፤ ሌላ የተመቸ መሻገሪያ ነበረ። ግን ሐዲዱ ወደዚህ አቅጣጫ የታጠፈው ለእይታ ብቻ አይደለም። ከዚህ ደቡብ ምሥራቅ፣ ያኔ ዋንኪ አሁን ሁዋንጌ በሚባለው ቦታ፣ የድንጋይ ከሰል ተገኝቶ ነበር። ወደ ሰሜን ደግሞ ማዕድን አለ። ድልድዩ መስከረም 12 ቀን 1905 ተመረቀ፤ በማግስቱ ዓመት በ1906 ሐዲዱ ብሮክን ሂል የእርሳስና የዚንክ ማዕድን ደረሰ፤ ያ ቦታ ዛሬ ካብዌ ይባላል። በ1910 ዛሬ ኮንጎ ውስጥ ያለው የካታንጋ መዳብ ጋ ደረሰ። ከሰል ወደ ሰሜን ይወጣል፤ መዳብ ወደ ደቡብ ይወርዳል። ባቡር ፈታትቶ በሽቦ እስከማሻገር ያስቸኮላቸው ይህ ነው።

ማሳያ ቤቱ ውስጥ ስለዚህ ያየሁት በጣም ጥቂት ነው። ሮድስም እዚያ በግል ሕልም ብቻ የመጣ ሰው አልነበረም። የመሠረተው ኩባንያ በ1889 ከእንግሊዝ ዘውድ ቻርተር ተሰጥቶት ነበር። ቻርተር ማለት አገር የማስተዳደር ፈቃድ ነው፤ ፖሊስ፣ ግብር፣ መሬት ማደል፣ ሁሉንም። በ1893 የንዴቤሌውን ንጉሥ ሎቤንጉላን ወግቶ አገሩን ያዘ። በ1894 ኋላ ደቡብ ሮዴዥያ በተባለችው፣ በዛሬዋ ዚምባብዌ፣ በየጎጆው የአሥር ሽልንግ ግብር ጣለ። ገበሬው ሽልንግ የሚያገኘው ከየት ነው? ወይ ከብቱን ይሸጣል፣ ወይ ማዕድን ቁፋሮና ሐዲድ ላይ ሄዶ ይሠራል። ጉልበት የሚገኘው እንዲህ ነበር። ዐለቱን የቆፈረ፣ ብረቱን የተሸከመ፣ ከሰሉን ያነደደ ሰው በብዛት ከዚህ የመጣ ነው። በፎቶዎቹ ላይ ይታያሉ። ስም የተጻፈላቸው ግን ኮፍያ ያደረጉት ናቸው።

በማብራሪያው ሌላ ደስ ያላለኝ ነገር አለ። የአካባቢው የለያ ሕዝብ፣ አለቃው ሙኩኒ ጭምር፣ ድልድዩ ሲሠራ ይወድቃል ብለው ያስቡ እንደነበር፣ የመጀመሪያው ባቡር ሲያልፍ መውደቁን ሊያዩ ተቀምጠው እንደጠበቁ ይተረካል። ተመልካቹ ሁሌ የሚስቀው እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ የዚያን ቀንም ሳቁ። እኔን አላሳቀኝም። ግማሽ ቅስት በገደል ላይ በገመድ ተይዞ ሲያድግ ያየ ሰው ቢጠራጠር ጤነኛ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ በ1907 ካናዳ ውስጥ ኩቤክ ድልድይ በተመሳሳይ መንገድ ከዳርቻው ወደ መሃል እየረዘመ ሳለ ተናደ። መሐንዲሶቹ የብረቱን የራሱን ክብደት አሳንሰው ገምተው ነበር፤ የታችኛው ብረት ተጣመመ፤ 75 ሠራተኛ አለቀ። ከሟቾቹ 33ቱ የካናዋኬ ሞሐክ ሰዎች ነበሩ፤ የአገሩ ነባር ሕዝብ። እንግዲህ የለያዎቹ ጥርጣሬ የመሐንዲስ ጥርጣሬ ነበር። ይህ ድልድይ ስላልወደቀ መሳቂያ ሊሆኑ አይገባም።

ይህን ለአስጎብኚዋ ነገርኳት፤ በትሕትና፣ ግን በግልጽ። ሊቪንግስተን ከተማ ተወልዳ ያደገች ወጣት ናት። መጀመሪያ ፈገግ አለች። ከዚያ ሌሎቹ ወደ ካፌው ሲሄዱ እኔን አስቀረችኝ። ከመተላለፊያው ጫፍ ወደ ሰሜን እያሳየች፣ ያጠናችውን ትታ በራሷ ቃል አወራችኝ። አያቷ ሐዲድ ላይ ይሠሩ እንደነበር። ፏፏቴው ለለያዎች የጸሎት ቦታ እንደነበርና ከድልድዩ በታች የፈላ የሚመስለው አዙሪት ውኃ ጋ ይወርዱ እንደነበር። የመዳቡ ጭነት በልጅነቷ ስንት ፉርጎ እንደሚጎትት ትቆጥር እንደነበር። «ሰው ካልጠየቀ አንናገረውም» አለችኝ። ይኸው እኔ የምላችሁ፦ ጠይቁ። ያቺ አጭር ንግግር ከማሳያ ቤቱ ሁሉ ትበልጣለች። ባለቤቶቹም ይህን ለእንግዳ ሁሉ ቢያቀርቡት የነሳኋቸውን ኮከብ መልሼ እሰጣቸዋለሁ።

እኔ ደግሞ የድሬን ነገር አወራኋት። እኛ ቅኝ አልተገዛንም፤ ሐዲዱ ግን የማን እንደሆነ ስንከራከር ኖረናል። ምኒልክ በ1894 ፈቃድ ሰጡ፤ ለስዊሱ አልፍሬድ ኢልግ። ሐዲዱ በ1902 መጨረሻ ድሬዳዋ ደረሰ። የፈረንሳይ መንግሥት ከኩባንያው ጀርባ ገብቶ እጁን ሲያስረዝም ምኒልክ ተቆጡ፤ ሥራው ለዓመታት ቆመ። አዲስ አበባ የደረሰው በ1917 ነው። አባቴ ይህን ሲያወራ ሁልጊዜ የሚያነሳው መለኪያውን ነበር። የኛ የድሮው ሐዲድ ስፋቱ አንድ ሜትር ነው፤ የነሱ 1,067 ሚሊ ሜትር። የእንግሊዝ ፉርጎ በፈረንሳይ ሐዲድ አይሄድም። በሁለት ሐዲድ መሃል ያለችው ያቺ 67 ሚሊ ሜትር ማን ከማን ጋር እንደሚነግድ ትወስናለች። በ1941 ደግሞ ጣሊያን ሲሸሽ የአዋሽን ድልድይ አፈረሰው። ድልድይ ያለው ወደፊት ይሄዳል፤ የሌለው ይቆማል፤ ወራሪ ይህን ከማንም በፊት ያውቃል።

ከጉብኝቱ የወደድኩት ሌላ ክፍል የ1975 ታሪክ ነው። ነሐሴ 26 ቀን አንድ የደቡብ አፍሪካ ባቡር መጥቶ ድልድዩ መሃል ቆመ። ግማሹ ሮዴዥያ፣ ግማሹ ዛምቢያ። የሮዴዥያ ነጮች መንግሥት መሪ ኢያን ስሚዝ ከወዲያ፣ የጥቁሮቹ የነጻነት ትግል መሪዎች ሙዞሬዋና ጆሹዋ ንኮሞ ከወዲህ ተቀመጡ። የዛምቢያው ኬኔት ካውንዳና የደቡብ አፍሪካው ጆን ፎርስተር አሸማጋይ ሆኑ። ነጩን መሐረብ ከእጃቸው የማይለዩትን ካውንዳን የኛ ትልልቆች ያስታውሷቸዋል። ማንም የሌላውን አፈር ላለመርገጥ የተገኘው ቦታ ያው የሮድስ ድልድይ ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ያህል ተነጋገሩ፤ አልተስማሙም። አስጎብኚዋ የባቡሩ ቦታ የነበረበትን ስታሳየን እኔ ሐዲዱ ላይ እግሬን አንዱን ወዲህ አንዱን ወዲያ አድርጌ ቆምኩ። ጓደኛዬ ፎቶ አነሳኝ። ይህን ሁሉም ያደርገዋል፤ እናንተም ታደርጉታላችሁ።

ጊዜ ካላችሁ ደግሞ ወደ ምዕራብ ሄዳችሁ ካዙንጉላን እዩ። ከሊቪንግስተን በመኪና ሩቅ አይደለም። በ2021 የተከፈተው አዲሱ ድልድይ ቦትስዋናንና ዛምቢያን ያገናኛል፤ 923 ሜትር ነው፤ ለባቡርም ለመኪናም ተብሎ የተሠራ ነው። ከላይ ብታዩት ቀጥ ያለ አይደለም፤ ይታጠፋል። የታጠፈው የዚምባብዌን ድንበር ላለመንካት ነው። ቅኝ ገዢዎች ያሰመሩት መስመር ኮንክሪት እንኳ ያጎብጣል። ከሥር ገብታችሁ የምታዩት አይደለም፤ ግን ሁለቱን በአንድ ጉዞ ያየ ሰው ብዙ ይገባዋል።

ለብረት ሰዎች አንድ ተጨማሪ። የዚህን ድልድይ የንድፍ ሒሳብ ከሠሩት ወጣቶች አንዱ ራልፍ ፍሪማን ነበር። ኋላ የሲድኒ ወደብን ድልድይ ዝርዝር ንድፍ የሠራው እሱ ነው። በ1935 ደግሞ ዚምባብዌ ውስጥ በሳቬ ወንዝ ላይ የበርቸኖፍን ድልድይ ሠራ፤ ቅስቱ 329 ሜትር ነው። በርቸኖፍ ማለት የዚያው የሮድስ ኩባንያ ሊቀ መንበር የነበረ ሰው ስም ነው። የዚያ አገር ድልድዮች ስም ዝርዝር ሲነበብ የባለ አክሲዮን ስብሰባ ይመስላል፤ ቤይት (የሮድስ ሸሪክ)፣ ኦቶ ቤይት (ወንድሙ)፣ በርቸኖፍ። ይህ ሰነፍ ስም አወጣጥ አይደለም። ገንዘቡ ከየት እንደመጣና ወደ ማን እንደሚመለስ የጻፉት እዚያው ድልድዩ ላይ ነው።

ስለ አገልግሎቱ የቀረኝን ላጠቃልለው። ዋጋው ርካሽ አይደለም፤ ግን እዚያው ድልድይ ላይ ካለው ባንጂ፣ በገመድ ታስሮ ወደ ገደሉ ከሚዘለለው፣ በብዙ ያንሳል። ፎቶግራፍ እነሱ አንስተው ይሸጣሉ፤ የተጠየቅነው ዋጋ ተጋኗል፤ እምቢ ብንል አልተቆጡም። ስልክ ወደ ታች መያዝ የሚፈቀደው በማሰሪያ ነው፤ ማሰሪያ እነሱ አላቸው፣ ጠይቁ። ቡድኑ ትንሽ መሆኑ ደስ ይላል፤ ጥያቄ ለመጠየቅ ጊዜ ይኖራል። ካፌው ውስጥ ምግቡ ጥሩ ነው፤ ቡናው ግን ለኛ ሰው አይሆንም፤ ሻይ እዘዙ። መቀመጫው ወደ ገደሉ ስለሚያይ ያንን ቦታ ያዙ።

ልጅ ይዛችሁ ከሆነ ከሥሩ መግባቱን ተዉትና ከላይ በእግር ተሻገሩ። ከላይ ያለው የእግር መንገድ በ1930 ገደማ ሲሰፋ የተጨመረ ነው፤ መጀመሪያ ሁለት ሐዲድ ብቻ ነበረው፤ ኋላ አንዱ ተነስቶ የመኪናና የእግረኛ መንገድ ሆነ። ዕቃ ሻጮች ይከተሏችኋል። የመዳብ አምባር የሚሸጡት ልጆች ዋጋ ይቀንሳሉ፤ ግን ብዙ አትከራከሯቸው።

ወቅቱን በተመለከተ፦ ሚያዝያ አካባቢ ወንዙ ሲሞላ ድልድዩ ላይ ሆናችሁ ትረጥባላችሁ፤ ፏፏቴው በጭጋግ ስለሚሸፈን ብረቱን በደንብ አታዩትም። እኛ በሐምሌ ሄድን፤ ውኃውም አለ፣ ብረቱም ይታያል። ብረት ለማየት የሚሄድ ሰው ከሐምሌ እስከ መስከረም ይሂድ። ጫማ የሚይዝ ሶል ያለው ይሁን፤ ክፍት ጫማ ለብሳ የመጣች አንዲት ሴት መልሰዋታል። ጠዋት ቀጠሮ ያዙ፤ ከቀትር በኋላ የከባድ መኪናው ሰልፍ ይበዛል፣ ድንበሩ ላይም ወረፋው ይረዝማል። ፓስፖርት እንዳትረሱ፤ ከዚያች ትንሽ ወረቀት ጋር አንድ ላይ ኪሳችሁ ውስጥ ዚፕ ዝጉባቸው።